ትልቁ የፕላስቲክ ሲሪንጅ በቤትና በሱቅ የሚሰጠው አገልግሎት

በአንድ ቤት ወይም በአንድ ሱቅ ውስጥ በየቀኑ ከሚነሡት ጥቃቅን ክርክሮች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከልክ ማጣት ነው። ለሕፃኑ የተሰጠው መድኃኒት አንድ ማንኪያ ነበር ወይስ አንድ ማንኪያ ተኩል? ወደ ውሃው ጀሪካን የገባው የማከሚያ መድኃኒት በዛ ወይስ አነሰ? ከበርሜሉ ወደ ብልቃጡ የተቀዳው ዘይት ሞላ ወይስ ጎደለ? እንዲህ ላለው ጥያቄ ሁሉ መልስ የሚሰጥ፥ ዋጋው ቀላል፥ አያያዙም የማያስቸግር አንድ ዕቃ በመድኃኒት ቤቶች ይገኛል። ይኸውም ከ20 እስከ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ትልቁ የፕላስቲክ ሲሪንጅ ነው።

ሲሪንጅ የሚለው ስም ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስበው መርፌውን ነው። በዚህ ትምህርት የምንናገረው ግን መርፌ ስለሌለው ዕቃ ብቻ መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። መርፌው የሐኪም ነው፤ ለቤትና ለሱቅ የሚጠቅመው ፈሳሹን የሚይዘው ቀፎና በቀፎው ላይ የታተመው መስመር ነው። ዕቃው መስፈሪያም፥ መሳቢያም፥ መግፊያም ስለሆነ የሦስት ዕቃዎችን ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥቅም በሁለት ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። አንደኛው ልኩ እውነተኛ ሆኖ መቆየቱ ነው። ሁለተኛው አንዱ ሲሪንጅ ለአንድ ሥራ ብቻ መዋሉ ነው። ከሁለቱ አንዱ የተጓደለ እንደሆነ ጠቃሚው ዕቃ ወደ ጉዳት ምክንያት ይለወጣል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዝርዝር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ይቆማል።

1ኛ/ የዕቃው ክፍሎችና ዓይነቶች

ሲሪንጅ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ፈሳሹን የሚይዘው ግልጽ ቀፎ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ይሠራል። ሁለተኛው በእጅ የሚሳበውና የሚገፋው ዘንግ ነው። ሦስተኛው በዘንጉ ራስ ላይ የተሰካው ጎማ ነው። ይኸው ጎማ የቀፎውን ግድግዳ ዙሪያውን አጥብቆ ስለሚነካ አየርም ሆነ ፈሳሽ አያሳልፍም። ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሳብ በቀፎው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በውጭ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ ፈሳሹን ገፍቶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ገዢው ሊያውቀው የሚገባ የጫፍ ልዩነትም አለ። አንዳንዱ ሲሪንጅ አጭርና ለስላሳ ጫፍ አለው። አንዳንዱ ደግሞ መርፌው ተጠምዝዞ የሚያዝበት ጥርስ ያለው ነው። ሦስተኛው ዓይነት ረጅምና እየሾለ የሚሄድ ጫፍ ያለው ሲሆን፥ በሐኪም ቤት አፋቸው ምግብ መቀበል ለማይችል ሕመምተኞች በቱቦ ምግብ ለመስጠት ያገለግላል። ለቤት ሥራ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ሦስተኛው ነው። ምክንያቱም መርፌ አይሰካበትም፤ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦም በቀላሉ ይቀበላል።

በቀፎው ላይ የሚታየው ቁጥር ሚሊ ሊትር ወይም ሲሲ እየተባለ ይጻፋል። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ 1 ሲሲ ማለት 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ 1,000 ሚሊ ሊትርም 1 ሊትር ይሆናል።

2ኛ/ ከየት ይገዛል?

ሲሪንጁ አዲስ፥ ማሸጊያው ያልተቀደደ፥ ከታወቀ መድኃኒት ቤት ወይም ከእንስሳት መድኃኒት መደብር የተገዛ መሆን አለበት። በማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ በክብ ውስጥ ተጽፎ በሰያፍ መስመር የተሰረዘ 2 ቁጥር ይታያል። ትርጉሙ «በሕክምና ሥራ ሁለተኛ አይዋልበት» ማለት ነው። ይህ ምልክት ያለበትን አዲስ ዕቃ ገዝቶ ዘይት መስፈር ክልክል አይደለም። ፈጽሞ የማይገባው ግን በሕክምና ላይ የዋለውን አንሥቶ፥ አጥቦና አድርቆ ለቤት ሥራ ማዋል ነው።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ እንዳስታወቀው፥ በ2010 ብቻ ጥንቃቄ በጎደለው የመርፌ አሰጣጥ ምክንያት እስከ 1.7 ሚሊዮን ሰዎች በሄፐታይተስ ቢ፥ እስከ 315,000 ሰዎች በሄፐታይተስ ሲ፥ እስከ 33,800 ሰዎችም በኤች.አይ.ቪ. እንደ ተያዙ በጥናት ተገምቷል። የሄፐታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰው አካል ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት መቆየት ይችላል። ስለዚህ ደሙ ደርቋል፥ በሳሙና ታጥቧል፥ አይታይም የሚለው ክርክር ዋጋ የለውም። ከቆሻሻ መጣያ የተለቀመ ሲሪንጅ በነጻ ቢሰጥ እንኳ ውድ ነው። ነጋዴም የሆነ ሰው ማሸጊያው የተከፈተ ሲሪንጅ አይግዛ፥ አይሽጥ።

የዕቃው ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። የኒውዚላንድ ተወላጅ የሆነው ኮሊን መርዶክ የሚባለው የመድኃኒት ባለሙያና የእንስሳት ሐኪም፥ አንድ ጊዜ ተሠርቶበት ለሚጣል የፕላስቲክ ሲሪንጅ እ.ኤ.አ. በ1956 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በዚያን ጊዜ የነበረው የመስታወት ሲሪንጅ እየታጠበ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፍ ስለ ነበር፥ በሽታንም አብሮ የማስተላለፍ አደጋ ነበረበት። እንግዲህ «ለአንድ ሥራ ብቻ» የሚለው ደንብ ዕቃው ሲፈጠር አብሮ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል።

ሲሪንጁ ከመርፌ ጋር የታሸገ ሆኖ የተገኘ እንደሆነ፥ ያለ መርፌ የሚሸጠውን መጠየቅ ይሻላል። መርፌው አስቀድሞ እጅ ገብቶ እንደሆነ ግን ሳይታጠፍና ሳይሰበር ወፍራም ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ አድርጎ፥ በአቅራቢያ ለሚገኝ ጤና ድርጅት ማስረከብ ይገባል እንጂ ከቤት ጥራጊ ጋር አይጣልም።

3ኛ/ ልክን አነባበብና አፈታተን

ብዙ ሰው ልኩን የሚያነበው ከጎማው ሹል ጫፍ ላይ ነው። ይህ ትክክል አይደለም። መነበብ ያለበት ከጎማው ፊተኛ ክፍል የቀፎውን ግድግዳ ዙሪያውን በሚነካው ቀለበት ላይ ነው። ሲነበብም ዓይን ከመስመሩ ጋር እኩል ይሁን፤ ከላይ ወይም ከታች ሆኖ ያየ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ያነባል።

ፈሳሹ ሲሳብ አየር አብሮ ይገባል። ስለዚህ ከሚፈለገው ልክ ጥቂት አስበልጦ መሳብ፥ ጫፉን ወደ ላይ አቁሞ ቀፎውን በጣት መታ መታ ማድረግ፥ አረፋው ወደ ላይ ሲወጣም አየሩንና ትርፉን ፈሳሽ እስከ ልኩ መስመር ድረስ መግፋት ነው።

አዲሱ ሲሪንጅ ልኩ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ዲጂታል ሚዛን ካለው በጥቂት ደቂቃ ሊፈትነው ይችላል። ባዶ ብርጭቆ በሚዛን ላይ አስቀምጦ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መመለስ፤ ቀጥሎም በሲሪንጁ 50 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለክቶ ወደ ብርጭቆው መግፋት ነው። ሚዛኑ 50 ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት። ለእነዚህ ዕቃዎች በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፥ 5 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሚይዝ ሲሪንጅ ከግማሹ በላይ ሲሞላ የሚፈቀድለት ስሕተት ከመቶ 4 እጅ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ከ48 እስከ 52 ግራም ቢያሳይ ሲሪንጁ በደንቡ ውስጥ ነው፤ ከዚህ የራቀውን ለልክ ሥራ አለማዋል ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ጠቃሚ ሕግ እንጨምራለን፤ የሚፈለገውን ልክ በሙሉ ሊይዝ ከሚችሉት ሲሪንጆች መካከል ምን ጊዜም ትንሹን ምረጡ። በ60 ሚሊ ሊትሩ ሲሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ለመለካት መሞከር፥ በጤፍ ኩንታል ሚዛን ቅርንፉድ እንደ መመዘን ነው።

4ኛ/ በማድ ቤት

እንጀራ ጋጋሪዎች እንደሚያውቁት፥ ሊጡ ሲቦካ በላዩ ላይ የሚጠልለው ቢጫ ውሃ እርሾ ይሆናል። ይህን በማንኪያ ወይም በሲኒ ለመቅዳት ሲሞከር ታች የረጋው ሊጥ ይናወጣል። በትልቁ ሲሪንጅ ጫፉን ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ቢሳብ፥ ሊጡ ሳይነካ እርሾው ብቻ ይወጣል። በዚያውም ለዚህን ያህል ዱቄት ይህን ያህል እርሾ ገባ ብሎ በቁጥር መመዝገብ ይቻላል። አንድ ቀን የሰመረው እንጀራ በሌላው ቀን ለምን እንደ ጎመዘዘ የምትጠይቅ የቤት እመቤት፥ መልሱን ከዚህ መዝገብ ልታገኘው ትችላለች።

ስልባቦት ሳይበላሽ ከሥሩ ወተት ለማውጣት፥ በመረቅ ላይ የተንሳፈፈውን ስብ ሳይነኩ መረቁን ለመሳብ፥ በኬክ ወይም በቦንቦሊኖ ውስጥ ማርማላታ ለመጨመርም ዕቃው ይረዳል። ፈሳሹ ለብ ያለ ይሁን እንጂ የፈላ ዘይት ወይም የጋለ ቅቤ በሲሪንጅ አይሳብ። ትኩስ ቅባት ቀፎውን ያጣምማል፤ በድንገት ያመለጠም እንደሆነ እጅንና ፊትን ያቃጥላል።

የጀበና አንገት ጠባብ ስለሆነ ውስጡን በእጅ ማጠብ አይቻልም። በሲሪንጁ ጫፍ ላይ አንድ ስንዝር ቀጭን ቱቦ ሰክቶ፥ ቱቦውን እስከ ጀበናው ወለል አድርሶ ለብ ያለ ውሃ በኃይል ቢገፉበት የረጋው አተላ ተነቅሎ ይወጣል። ሳሙና በሸክላው ውስጥ ስለሚቀር አያስፈልግም።

በጠላና በጠጅ በኩልም ሲሪንጁ የቧንቧን ሥራ ያስጀምራል። ጠላው ወይም ጠጁ ከጠለለ በኋላ አተላውና አምቡላው ሳይነሣ ጥሩውን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ሲፈለግ፥ ንጹሕ ቱቦ ከአተላው በላይ አቁሞ፥ በሌላው ጫፍ ሲሪንጅ ሰክቶ መሳብ ነው። ፈሳሹ ከከፍተኛው ቦታ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ቱቦውን በጣት ቆንጥጦ ሲሪንጁን መንቀል፥ ጫፉን ዝቅ ብሎ በተቀመጠው ዕቃ ውስጥ አግብቶ መልቀቅ ነው። ከዚያ በኋላ ፈሳሹ በራሱ ይወርዳል። የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በሜትር 28 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚይዝ፥ አንድ ሜትር ተኩል ለሆነ ቱቦ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አንድ ጊዜ ቢሳብ ይበቃል።

5ኛ/ ነዳጅን በአፍ ስለ መሳብ

ከላይ የተገለጸው ዘዴ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በዚህ ቦታ ነው። በሱቅም በመኖሪያም ለጄኔሬተር ቤንዚን፥ ለምድጃ ላምባ ከጀሪካን ማዛወር የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ቱቦውን በአፉ ይስባል። ቤንዚንና ላምባ ቀጭን ፈሳሾች ስለሆኑ ከጉሮሮ ወደ ሳንባ ፈጥነው ይገባሉ፤ ጥቂት ብቻ ቢገባ እንኳ ለሕይወት የሚያሰጋ የሳንባ ብግነት ሊያስነሣ ይችላል። በሲሪንጅ መሳብ ሲቻል አፍን ማቅረብ ያለ ምክንያት ራስን ለአደጋ መስጠት ነው።

አደጋው ደርሶ ሰው ቤንዚን ወይም ላምባ የዋጠ እንደሆነ እንዲያስመልሰው አይደረግ። ሲያስመልስ ፈሳሹ ዳግመኛ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና፥ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። የማዛወሩም ሥራ ከቤት ውጭ፥ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፥ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ መፈጸም አለበት። ቤንዚን የሲሪንጁን ጎማ ስለሚያሳብጠው፥ ለዚህ ሥራ የዋለው ዕቃ ዕድሜው አጭር መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ሲሪንጁን ከጀሪካኑ ጋር በክር አስሮ ማስቀመጥ ከብዙ ጸጸት ያድናል።

6ኛ/ ለሕፃናትና ለሕመምተኞች

የቤት ማንኪያ ልኩ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ስለዚህ ለሕፃን የሚሰጥ ሽሮፕ በማንኪያ ባይለካ ይመረጣል። ለዚህ ሥራ ትልቁ ሳይሆን 5 ወይም 10 ሚሊ ሊትር የሚይዘው፥ ለአፍ መድኃኒት የተዘጋጀው ሲሪንጅ ነው የሚያስፈልገው። ልኩን ሐኪሙ ወይም የመድኃኒት ባለሙያው ይወስናል፤ ቤተሰቡም የተወሰነውን መስመር በእስክሪፕቶ ምልክት እንዲያደርግለት ይጠይቅ። ሲሰጥ ልጁ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ጫፉም ወደ ጉንጩ ውስጠኛ ጎን ይዙር፤ ቀስ በቀስም ይገፋ። በቀጥታ ወደ ጉሮሮ የተረጨ መድኃኒት ያንቃል። በጫፉ ላይ ትንሽ ክዳን ካለው ከመሳቡ በፊት ተነቅሎ ይጣል፤ በልጅ ጉሮሮ ሊቀር ይችላልና።

ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው ሕይወት አድን ዱቄት፥ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። በዚህም ትልቁ ሲሪንጅ ውሃውን በትክክል ለመስፈር ይረዳል። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በየአንድ ወይም በየሁለት ደቂቃው 5 ሚሊ ሊትር ያህል መስጠት ይቻላል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ፥ ከቀድሞው ዘግየት እያሉ መቀጠል ነው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ አይሰጥም። ሕፃኑ መጠጣት ያቃተው፥ የደከመ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለው እንደሆነ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የውሃ ማከሚያ መድኃኒትና በረኪናም በልክ የሚሠራባቸው ናቸው። ኃይላቸው ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ተከትሎ በትንሽ ሲሪንጅ መለካት ይገባል። ሽታና ቀለም የተጨመረበት በረኪና ለመጠጥ ውሃ አይሆንም።

7ኛ/ በጽሕፈት ቤትና በጥገና

የጽሕፈት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ የማኅተም ቀለም ሲጨመር ጣትንና ወረቀትን እንዴት እንደሚያበላሽ ያውቃል። በትንሽ ሲሪንጅ 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ስቦ በማኅተሙ መደገፊያ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጠብ ጠብ ማድረግ፥ ሌሊቱን ከድኖ ማሳደር ነው። እንዲህ የተደረገ እንደሆነ በማግስቱ የሚመታው ማኅተም ፊደሉ ሳይፈስ ይወጣል።

እግሩ የተነቃነቀ ወንበር በኮላ ለመጠገን፥ ኮላውን በሲሪንጅ ወደ መገጣጠሚያው ስንጥቅ መግፋት በእንጨት ከመቀባት ይበልጣል። ኮላው ሳይደርቅ ሲሪንጁ ካልታጠበ ግን ለሌላ ጊዜ አይሆንም። ውሃ ለሚጨመርበት የመኪና ባትሪም የተጣራ ውሃ በልክ ለማግባት ይረዳል። ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ በእሳት ስለሚፈነዳና አሲዱም ዓይንን ስለሚጎዳ መነጽር አድርጎ፥ ከእሳት ርቆ መሥራት ግድ ነው።

8ኛ/ በሱቅ

ይህ ክፍል በተለይ ለነጋዴዎች የሚሆን ነው። አንድ ነጋዴ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በሊትር ገዝቶ በ30 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ቢሸጥ፥ ከአንድ ሊትር 33 ብልቃጥ ይወጣል፤ 10 ሚሊ ሊትርም ይተርፋል። ሠራተኛው በዓይን ግምት በየብልቃጡ 2 ሚሊ ሊትር ቢያስበልጥ የሚወጣው 31 ብልቃጥ ብቻ ነው። እንግዲህ በየሊትሩ የሁለት ብልቃጥ ዋጋ ያለ ሌባ ይሰረቃል። በተቃራኒው በየብልቃጡ 2 ሚሊ ሊትር ቢያጎድል 35 ብልቃጥ ይወጣል፤ ሁለቱ ብልቃጥ ግን ከገዢዎች ኪስ የተወሰዱ ናቸው። የመጀመሪያው ስሕተት ገንዘብን ያጠፋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ስምን። በገንዘብ የጠፋውን በሚቀጥለው ወር ማካካስ ይቻላል፤ ጎዶሎ ሰፋሪ ተብሎ የወጣ ስም ግን ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል።

በምሠራበት የንግድ ቤት ብልቃጥ የሚሞሉት ሁለት ሠራተኞች አንዱ በየቀኑ አስበልጦ፥ ሌላው አሳንሶ ይቀዱ ነበር። ሁለቱም በሐቀኝነት የሚሠሩ ናቸው፤ የተለያየው ዓይናቸው ነበር። ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ተሰጥቷቸው አንዴ እየሳቡ ሁለት ብልቃጥ መሙላት ከጀመሩ ወዲህ፥ በማታ የሚደረገው ሒሳብ ከመዝገቡ ጋር መገጣጠም ጀመረ። ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚባለው ዓይነት ንግግርም ቀረ።

ነገር ግን ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፥ ሲሪንጅ በሕግ የተረጋገጠ የንግድ መስፈሪያን አይተካም፤ ነጋዴው የራሱን ሥራ የሚቆጣጠርበት ረዳት ነው። ሁለተኛ፥ ሚሊ ሊትር ግራም አይደለም። 50 ሚሊ ሊትር ውሃ 50 ግራም ሲመዝን፥ 50 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት 46 ግራም ያህል፥ 50 ሚሊ ሊትር ማር ደግሞ 70 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ሊትር ማር አንድ ኪሎ ሳይሆን 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ነው። በኪሎ ተዋውሎ በሊትር የሚያስረክብ ሻጭ በየሊትሩ 400 ግራም ያህል ይከስራል። በሊትር ተዋውሎ በኪሎ የሚያስረክብ ደግሞ ያንኑ ያህል ይበድላል። ውሉ ሲጻፍ መለኪያው ክብደት ይሁን ይዘት ለይቶ ማስፈር ከሙግት ያድናል።

9ኛ/ እናቱ ለሞተችበት ግልገል

ከብት ለሚያረቡ ወገኖችም ዕቃው ይጠቅማል። አዲስ የተወለደ ግልገል እናቱ የሞተችበት ወይም የገፋችው እንደሆነ፥ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ እንገር ማግኘት አለበት። በሽታን የሚከላከልበት ኃይል የሚገኘው ከእንገሩ ነው። ለአንድ ጊዜ የሚሰጠው ልክ በግልገሉ ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ 3 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል 150 ሚሊ ሊትር፥ ማለትም በ60ው ሲሪንጅ ሁለት ጊዜ ተኩል ይሆናል። እንገሩ ለብ ያለ ይሁን፤ ግልገሉ በእግሩ ቆሞ ወይም በደረቱ ተኝቶ፥ አንገቱ ወደ ኋላ ሳይጎተት፥ በአፉ ጎን ጠብ ጠብ እየተደረገ እየዋጠ ይሰጠው። መዋጥ ላቃተው ግልገል በኃይል መግፋት እንገሩን ወደ ሳንባው መስደድ ስለሆነ፥ በቱቦ የሚሰጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ነው።

10ኛ/ ለአንድ ሲሪንጅ አንድ ሥራ

እስካሁን የቆጠርናቸው ሥራዎች ምግብ፥ መድኃኒት፥ ነዳጅ፥ ቀለም፥ አሲድና እንገር የሚነኩ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ሲሪንጅ መሥራት ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፥ ይህን ትምህርት ጨርሶ ባያነበው ይሻለው ነበር። በተለይ የአትክልት ተባይ ማጥፊያ መርዝ የነካ ሲሪንጅ በምንም ዓይነት እጥበት ወደ ማድ ቤት አይመለስም። መርዝ የማይታይ ስለሆነ ንጽሕናን በዓይን ማረጋገጥ አይቻልም።

ስለዚህ የሚከተለውን ሥርዓት እንመክራለን።

ሀ/ እያንዳንዱ ሲሪንጅ በዘንጉ ራስ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ይጠምጠምበት። ለምሳሌ ለምግብ ነጭ፥ ለመድኃኒት አረንጓዴ፥ ለዘይትና ለኮላ ሰማያዊ፥ ለነዳጅና ለመርዝ ቀይ ይሁን። ማንበብ የማይችል የቤት ሠራተኛ ወይም ልጅ እንኳ ቀለሙን አይቶ ይለያል።

ለ/ ቀዩ በማድ ቤት ጣሪያ ሥር ፈጽሞ አይደር፤ ከነዳጁ ወይም ከመርዙ ጋር ተቆልፎ ይቀመጥ።

ሐ/ ለምግብና ለመድኃኒት የሚያገለግለው ከሥራ በኋላ ወዲያውኑ ዘንጉ ከቀፎው ወጥቶ፥ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ታጥቦ፥ ተለቅልቆ፥ ተለያይቶ ይድረቅ። ተገጣጥሞ የተቀመጠ እርጥብ ሲሪንጅ ሻጋታ ያበቅላል።

መ/ የታተመው መስመር በዘይትና በእጅ ብዛት ይጠፋል። አዲስ ሳለ ግልጽ ስኮች ቢለጠፍበት ይቆያል። መስመሩ የጠፋ፥ ጎማው ያበጠ ወይም ቀፎው የተሰነጠቀ ሲሪንጅ ግን ይጣል፤ ልኩ ከጠፋ ጥቅሙም ጠፍቷልና።

ሠ/ የተጣለው ሲሪንጅ ቀፎው ተቆርጦ ወይም ተሰባብሮ ይጣል። እንዲህ የተደረገ እንደሆነ ልጆች አንሥተው አይጫወቱበትም፥ ሌላም ሰው አጥቦ አይሸጠውም።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ዕቃ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ሦስት ወይም አራት ሲሪንጅ መግዛት ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ቁጠባው ግን በዕቃው ቁጥር ላይ ሊሆን አይገባም። አንዱን ለሁሉ ሥራ በማዋል የሚተርፈው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ በዚህ ምክንያት የሚመጣው ሕመም ግን የዓመት ትርፍ ሊበላ ይችላል። እያንዳንዱን ሲሪንጅ በሥራው ለይቶ፥ ልኩን በሚዛን ፈትኖ፥ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ የሚሠራበት ሰው ግን በቤቱ ጤናን፥ በሱቁም መታመንን ያገኛል።